ከመቶ ዘጠና አንድ ያገኘው ሰፈር

የሰው ልጅ እጅግ ለረጅም ዘመን ኑሮውን ሳይለካ መኖሩ ሲታሰብ ያሳፍራል። ጠዋት ይነሣል፣ ይርበዋል፣ ካገኘ ይበላል፣ ሲያመው ይተኛል፣ ሲሻለው ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ነገር ግን ከመቶ ስንት እየኖረ እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። ይህን የመሰለ ድንቁርና ከሥሩ ለመንቀል ነው እንግዲህ በአንዲት ከተማ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ በስተኋላ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ይከማቹበት በነበረ ክፍል ውስጥ፣ «የማኅበረሰብ የኑሮ ጥራት ልኬትና ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት» የተከፈተው። የተሰበሩት ወንበሮች ከክፍሉ አልወጡም። ሠራተኞቹ ተቀመጡባቸው።

ጽሕፈት ቤቱ አንድ ኃላፊ፣ አንዲት የስሌት ባለሙያ፣ አንድ ክብ ማኅተምና አንድ መረጃ ሰብሳቢ ነበሩት። ቅደም ተከተሉ የማዕረግ ነው።

መረጃ ሰብሳቢው ጋሽ ሚዛን ይባላል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገበያ ለገበያ እየዞረ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሽ ስለኖረ ግን ያንን ስም ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከባድ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣል፣ የናስ መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ሰሃኑ ላይ ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። ባለሥጋ ቤቱ ከሰሃኑ ሥር በሙጫ ያጣበቃትን ብረት በጣቱ ዳስሶ ያገኛታል። አይቆጣም፣ አይሳደብም፣ ጉቦም አይበላም፤ «ሠላሳ ግራም ይሰርቃል» ብሎ ይጽፍና ሚዛኑን አሽጎ ይሄዳል። ነጋዴው ሁሉ ቁጥር የሚያበራ ሚዛን መግዛት ሲጀምር ግን ድንጋይ ተሸክሞ የሚዞር ሰው አያስፈልግም ተባለና ወደ አዲሱ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ። ደብዳቤው ምክንያቱን በሦስት ቃል ገልጾታል፤ «የልኬት ልምድ ስላለው»።

ኃላፊው ረጅም፣ ድምፁ የሚያምር፣ ሲናገር አንድ እጁን ወደ ጣሪያው የሚዘረጋ ሰው ነው። በመክፈቻው ቀን ሁለት ሰዓት ተናገረ።

«እኛ የምንለካው ስኳር አይደለም! እኛ የምንለካው ሕይወትን ነው! ከእንግዲህ በዚህች ከተማ ውስጥ ሳይለካ የሚኖር አንድም ዜጋ አይኖርም!»

ተጨበጨበ። ጋሽ ሚዛን እጁን አወጣ።

«መለኪያው ምንድን ነው ጌታዬ?»

«መጠይቅ ነው። መቶ አሥራ አራት ጥያቄ አለው።»

«መልካም። መጠይቁ ራሱ ልክ መሆኑን በምን እንፈትሸዋለን? ማለቴ፣ ኪሎን በኪሎ ድንጋይ ነው የምንፈትሸው። ይሄንንስ?»

ኃላፊው ፈገግ አለ። «ያነሣኸው ነጥብ እጅግ ጠቃሚ ነው» አለና ወደ ሌላ ነጥብ ተሻገረ። ጋሽ ሚዛን ለቢሮ ሥራ አዲስ ስለነበር ይህን እንደ ምስጋና ወሰደው።

ለመጀመሪያው ልኬት የተመረጠው ላይኛው ሰፈር ነው። ላይኛው ሰፈር ኮረብታ ላይ ተለጥፎ የተሠራ ነው። መኪና አይወጣበትም፤ ከታች ከአስፋልቱ ተነሥቶ እስከ አናቱ የሚያደርሰው የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። የመብራት ምሰሶውም ከአስፋልቱ አላለፈም። የውኃ ቧንቧ ያለችው ከደረጃው ግርጌ ነው፤ አንዲት ናት፣ እሷም በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች፣ በሦስቱም ቀን መቼ እንደምትመጣ አትናገርም። መሀል ላይ ጤና ጣቢያ አለ፤ ነርሷ ከተዛወረች ሁለት ዓመት ስላለፋት በሩ ላይ የተንጠለጠለው ቁልፍ ዝጎ ከበሩ ጋር አንድ ሆኗል። ከጤና ጣቢያው ከፍ ብሎ፣ አራተኛው ቤት፣ የጋሽ ሚዛን ታላቅ እኅት ትኖራለች። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት። ዕድሜው ከሃምሳ አልፎም ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ እትዬ ነው የሚላት።

ልኬቱን ከእሷ ቤት ጀመረ። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ።

«ጥያቄ ቁጥር አንድ። ከመኖሪያ ቤትዎ እስከ ውኃ መቅጃ ድረስ ያለውን ርቀት ይግለጹ።»

እኅቱ ባቄላ እየለቀመች ነበር። ቀና አለች። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ ማለት የጀመርከኝ?»

«መጠይቁ ነው እንዲህ የሚለው እትዬ።»

«እንግዲያው ለመጠይቁ ንገረው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ነው። እሱም ባዶ ጀሪካን ይዤ ስወርድ ነው። ሞልቼ ስወጣ አራት መቶ ይሆናል።»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብያለሁ። ጥያቄ ቁጥር ሠላሳ ሦስት። ከጎረቤቶችዎ ጋር በሳምንት ስንት ሰዓት ያሳልፋሉ?»

«ወረፋ ላይ ነው?»

«የት እንደሆነ አይልም።»

«አሥራ አራት ይሆናል። ከባለወፍጮዋ ጋር የተጣላን ሳምንት ደግሞ አሥራ አምስት።»

«ጥያቄ ቁጥር አርባ ስድስት። ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ጥልቅ የእርካታ ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል?»

ትንሽ አሰበች። «ማክሰኞ» አለች።

«ምን ተገኝቶ?»

«‹መጣች! መጣች!› ብለው ከታች ሲጮሁ ጫማዬን አድርጌ ነበር።»

ጋሽ ሚዛን «አዎ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። ሌላ ሳጥን አልነበረም። መቶ አሥራ አራቱም ሲያልቅ እኅቱ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ቀኝ ጉልበቷን አሳየችው። ባለፈው ክረምት ደረጃው አዳልጧት ከነጀሪካኗ ወድቃ ነበር፤ ጉልበቷ እስከ ዛሬ እንዳበጠ ነው።

«ይሄንንም ጻፍ።»

«የት ልጻፈው? ቦታ የለውም እኮ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትጽፍ ቆይተህ ለኔ ጉልበት ቦታ ጠፋ?»

አንጀቱን በላችው። ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል «ጉልበት» ብሎ ጻፈ። እንዲህ አድርጎ በሦስት ወር ሦስት መቶ አርባ ቤት አዳረሰ። አብዛኛው ሰው ጉልበቱን አሳየው። ሚዛን ሲፈትሽ የኖረ ሰው ነውና አንዱንም አላለፈም፤ ከጠርዙ ላይ፣ በእርሳስ፣ «ጉልበት»።

ሲደመር ላይኛው ሰፈር ከመቶ ሃያ ሰባት ሆነ።

ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሚዛን አዘነ መስሎት ልቡ ተነካ። አዝኖም ነበር።

«ሃያ ሰባት?» አለ በመጨረሻ። «እኛ እዚህ ላይ ታች ስንል ሕዝቡ ምን እየሠራ ነበር?»

«ውኃ እየቀዳ» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ጎረቤት ከተማ እኮ ሰባ አራት አምጥቷል! እነሱ ከኛ በምን ይበልጣሉ?»

«ቧንቧ አላቸው።»

«ጋሽ ሚዛን፣ ነገር አታወሳስብ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ በሚቀጥለው ወር ሪፖርት ይጠብቃል። ሕዝቡ ሃያ ሰባት ነው የሚኖረው ብዬ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው? ሕዝቡ የሚቻለውን አላደረገም ማለት ነው።»

በዚህ ጊዜ የስሌት ባለሙያዋ ከመስኮቱ ሥር ድምፅ አሰማች። ዝምተኛ ሴት ናት፤ እግሩ የተሰበረ ወንበር ላይ ሚዛኗን ጠብቃ መቀመጥ የምትችል እሷ ብቻ ናት።

«መረጃው ችግር የለበትም» አለች ሳታፍር። «አተረጓጎሙ ነው ያልዘመነው።»

ኃላፊው ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ።

«ለምሳሌ ይኸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ደረጃ። በ‹ርቀት› ሥር ስላስገባነው ዜሮ አገኘ። በ‹ዕለታዊ የአካል እንቅስቃሴ› ሥር ብናስገባው ሙሉ ነጥብ ነው። በዓለም ላይ ሐኪም የሚያዘውን ነው እነዚህ ሰዎች ያለ ሐኪም የሚሠሩት።»

«ያለ ሐኪምስ ልክ ነሽ» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ወረፋው ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ነው። ይኼ ማኅበራዊ ትስስር ነው። ጎረቤት ከተማ ትስስሩ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤቱ ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ሰው አያይም፣ ያሳዝናል። ጤናን እንይ። ባለፈው ዓመት በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የታከመ ሰው ስንት ነው?»

«ዜሮ» አለ ጋሽ ሚዛን።

«ዜሮ!» ኃላፊው ከመቀመጫው ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንድም ሕመምተኛ? በአንድ ዓመት?»

«ተዘግቶ ነው እኮ ጌታዬ!»

«ምክንያቱ በመጠይቁ ላይ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኛ ከየት አምጥተን እንጨምራለን? ይኼ ማጭበርበር ነው።»

ባለሙያዋ ገጹን ገለጠች። «ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ሳይጠየቅ በራሱ ተነሣሽነት ከጠርዙ ላይ የመዘገበው ነው። ከሦስት መቶ አርባ ቤት በሦስት መቶ አራቱ ላይ ‹ጉልበት› ይላል። የሰፈሩ ሰው ጉልበት እንዲህ በተደጋጋሚ የታየበት ጥናት አላውቅም። ‹የነዋሪዎች ጉልበት፦ እጅግ ከፍተኛ› ብዬ አስገብቼዋለሁ።»

ጋሽ ሚዛን ወረቀቱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም።

ጠቅላላው ስሌት የከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት ሥራ ብቻ ነው የፈጀው። ላይኛው ሰፈር ከኮረብታው ሳይነቃነቅ፣ አንድ ጀሪካን እንኳ ሳይቀንስ፣ ከሃያ ሰባት ወደ ዘጠና አንድ ወጣ። በታሪክ እንዲህ በፍጥነት ኑሮው የተሻሻለ ሕዝብ የለም፤ ሕዝቡ ግን ወረፋ ላይ ስለነበር አላወቀም።

«በኔ ጊዜ» አለ ጋሽ ሚዛን፣ «እንዲህ ያለ ሚዛን ካገኘን እናሽገው ነበር።»

«ስኳር ላይ ቀርተህ ነው» አለው ኃላፊው በአዘኔታ። «ለመሆኑ ከዚህ ቁጥር ውስጥ አንተ ያልሰበሰብከው አለ?»

አየው። ደረጃው የሱ ነው፤ ሰዓቱ የሱ ነው፤ ዜሮውም የሱ ነው፤ ጉልበቱም በገዛ እጁ ጽሑፍ ነው። አንድም ቁጥር አልተነካም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ቁጥር ሲያጎድልና ሲጨምር ሲይዝ የኖረ ሰው፣ ቁጥር ሳይነካ የሚዋሽ ሰው ሲያጋጥመው የሚታሸግ ነገር አጣ። «መረጃ ሰብሳቢ» ከሚለው ቃል ሥር ፈረመ።

ከዚያማ ምን ይነገራል። ከበላይ መሥሪያ ቤት ልዑክ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከውኃ መቅጃዋ በላይ «እንኳን ወደ 91 በመቶ የኑሮ ጥራት በደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። የልዑኩ መሪ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በላይ አልወጣም። በማስታወሻው ላይ «የተመስጦ ማረፊያዎች አሉት» ብሎ ጻፈ።

በሁለተኛው ወር እኅቱ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ መጣች። ቢሮ መጥታ አታውቅም። በእጇ የታጠፈ ደብዳቤ ይዛለች። የሰፈሩ ሰው ቧንቧ ይግባልን ብሎ ለውኃ ክፍሉ አመልክቶ ነበር፤ መልሱ ነው።

«አንብብልኝ» አለችው። እሷ ራሷ አንባቢ ናት።

አነበበ። «‹ቧንቧ ቢዘረጋ የነዋሪው የአካል እንቅስቃሴና ማኅበራዊ ትስስር ክፉኛ እንደሚጎዳ፣ በአሁኑ ወቅት ዘጠና አንድ የደረሰውም የኑሮ ጥራት ሊያሽቆለቁል እንደሚችል በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ለነዋሪው ደኅንነት ሲባል ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ጥናቱ ተያይዟል።›»

«ተያይዟል የተባለውንም ተመልከተው። ከታች ያለው ፊርማ የማን ነው?»

መነጽሩን አወለቀ።

«ይቺን ጅራቷን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አለች ጣቷን ፊርማው ላይ አድርጋ። «እጅህን በእጄ ይዤ። አሁን ደግሞ ‹ጉልበት፦ እጅግ ከፍተኛ› ይላል። ከፍተኛ ያልከው ይሄንን ነው?»

«እትዬ፣ እኔ እንዲህ ብዬ አይደለም የጻፍኩት...»

«እንዴት ብለህ እንደጻፍክ አውቃለሁ። እንዴት ብለው እንዳነበቡት እያየህ ነው የፈረምከው።»

አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለው ነበር። ደብዳቤውን አጥፋ ወጣች። ተከትሏት እስከ ውኃ መቅጃዋ ሄደ። የተሞላውን ጀሪካኗን ሊያነሣላት ጎንበስ ሲል እጁን ገፋ አደረገችና ራሷ አነሣችው። ከግርጌው ቆሞ ስትወጣ አያት። ዘጠኝ ጊዜ ቆመች። ጋሽ ሚዛን ባለቀሰበት ቀን እንኳ መቁጠሩን አልተወም።

በዚያው ሳምንት የዓመቱ ሪፖርት ይዘጋጅ ተባለ። ኃላፊው መግቢያውን ለራሱ ያዘ፤ ባለሙያዋ ሠንጠረዦቹን ያዘች። «ምክረ ሐሳብ» የሚለው የመጨረሻው ክፍል በየመሥሪያ ቤቱ እንደተለመደው ባለቤት አጣ፤ ማንም አያነበውማ። ለጋሽ ሚዛን ተሰጠው። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሁለት ቀን ጻፈ፤ በዕድሜው ሙሉ «ሠላሳ ግራም ይሰርቃል» ከሚል በላይ ጽፎ የማያውቅ ሰው የሚከተለውን ጻፈ።

«ይህን አንጸባራቂ ውጤት ያስመዘገበው አመራር ከሌላው ዝቅ ባለ ጥራት ውስጥ እንዲኖር መፍቀድ ኢፍትሐዊ ነው። በመሆኑም የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከነቤተሰባቸው፣ በከተማችን ከፍተኛ የኑሮ ጥራት በተመዘገበበት ስፍራ የመኖሪያ ቤት ተሰጥቷቸው የልፋታቸው ተቋዳሽ እንዲሆኑ በትሕትና እንጠይቃለን።»

ኃላፊው ሲያነበው ፊቱ በራ። ከከተማው ዳር፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር ያሉት ባለግቢ ቤቶች ናቸው የታዩት።

«ጋሽ ሚዛን!» አለ ትከሻውን እየመታ። «እኔ እኮ የምትጠላኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ መልካሙን ነው የምመኝልዎት።»

ማኅተሙ ተመታ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ፣ በዓለም ላይ ለሕዝብ ቤት መስጠት እንጂ ለአመራር ቤት መስጠት ከብዶት የማያውቅ ነውና፣ በስድስት ቀን አጸደቀው። ውሳኔው እንዲህ ይል ነበር፦ ከጤና ጣቢያው ጎን የሚገኘው፣ ቀድሞ የነርሷ መኖሪያ የነበረው የማዘጋጃ ቤቱ ቤት፣ ላይኛው ሰፈር፣ ጥራት ዘጠና አንድ። አሁን የሚኖሩበትን ግቢ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ለሌላ ባለሥልጣን ያስረክቡ።

ኃላፊው ወደ አለቃው ሮጠ።

«ክቡርነትዎ፣ እኔ ለዚህ የሚገባ ሰው አይደለሁም። ከሕዝቡ ጥራት ላይ መሻማት ኅሊናዬ አይፈቅድም።»

«ትሕትናህን እናውቃለን» አለው አለቃው። «እሱም ተመዝግቦልሃል።»

«ማለቴ... ሰፈሩ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።»

«እሱን በሪፖርትህ አይተናል። ዘጠና አንድ። ወይስ ሪፖርቱ ላይ የምታስተካክለው ነገር አለ?»

ኃላፊው የሚያስተካክለው ነገር አልነበረውም።

ሶፋው ሁለት መቶ ያህል ደረጃ በሰው ጀርባ ወጣ፤ ማቀዝቀዣው ግማሽ መንገድ ላይ ሁለት ቀን አደረ። ሚስቱ የመጀመሪያውን ሳምንት ከባሏ ጋር አልተነጋገረችም። በሁለተኛው ሳምንት ተነጋገረች፤ «የዛሬውን የአካል እንቅስቃሴ ሠርተሃል?» እያለችው ጀሪካኑን በእግሯ ወደ እሱ ገፋች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የሰፈሩ ሰው ኃላፊውን በዓይኑ አየው። ከራቫቱን አስሯል፣ ቢጫ ጀሪካን ይዟል፣ በወረፋው ሃያ ሦስተኛ ነው። ከፊቱ የጋሽ ሚዛን እኅት ቆማለች። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እንኳን ወደ ማኅበራዊ ትስስር በደህና መጡ» አለችው።

«እናቴ፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለ በዝግታ።

«እንደ ዕድልዎ ነው። በሳምንት አሥራ አራት ሰዓት ብለው የጻፉት እርስዎ አይደሉ?»

ሴቶቹ ሳቁ። የኃላፊው አንገት ቀላ። ደረጃው ላይ ሲመለስ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ቆመ፤ ልጆች ቆጥረውታል። መቶ ሃምሳኛው ላይ ክዳኑን በደንብ ስላላጠበቀው ግማሹ ውኃ በጀርባው ወረደ።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት ኃላፊው ለውኃ ክፍሉ የጻፈው ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ «የበኩላችሁን ጥረት» አይልም ነበር። «በአስቸኳይ፣ ዛሬ» ይላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በውኃ ክፍሉ መጋዘን ተቆልሎ የኖረው ቧንቧ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ኮረብታውን ወጣ። ኃላፊው ከቆፋሪዎቹ ጋር ሸሚዙን ጠቅልሎ ቆመ፤ አንድም ንግግር አላደረገም። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ ደረጃው ላይ ቁርጭምጭሚቷ ዞረባት፤ በሃያ ሦስተኛው የጤና ጣቢያው ቁልፍ በመጋዝ ተቆርጦ ነርስ ገባች።

ውኃው በመጣ ዕለት ጋሽ ሚዛን ወደ እኅቱ ቤት ወጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ መግባት ፈራ። እሷ ግቢዋ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትከፍታለች። አየችው። ብርጭቆ አምጥታ ሞላችና ዘረጋችለት።

«ያንን ምክረ ሐሳብ የሚሉትን ነገር የጻፈው ማነው?» አለችው።

«መጠይቁ ነው እትዬ።»

«ጠጣ እስቲ» አለችው። ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዞረች።

ዓመቱ ሲዞር ሁለተኛው ልኬት ደረሰ። ጋሽ ሚዛን መቶ አሥራ አራቱን ጥያቄ ይዞ ሦስት መቶ አርባውን ቤት እንደገና አዳረሰ። ያየውን ጻፈ፤ አልጨመረ፣ አላጎደለ። ከጠርዙ ላይ ግን ምንም አልጻፈም። ባለሙያዋ በተሻሻለው አተረጓጎም አሰላችው። ዕለታዊ የአካል እንቅስቃሴ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ አራት እርምጃ ወርዷል። ማኅበራዊ ትስስር ከአሥራ አራት ሰዓት ወደ አንድ። አምና አንድም በሽተኛ ያልነበረበት ሰፈር በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሕመምተኛ ተመዝግቦበታል፤ በወረርሽኝ ደረጃ። የነዋሪው ጉልበት ጨርሶ አልታየም።

ድምሩ አርባ አራት ሆነ።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ደነገጠ። «ሕዝቡ ለዘመናት ጠብቆ ያቆየውን የኑሮ ጥራት በአንድ ዓመት ውስጥ በማውደም» የሚል ደብዳቤ ተጻፈና ኃላፊው ከሥራው ተሰናበተ። ካርቶኑን ይዞ ሲወጣ ጋሽ ሚዛን በሩን ከፈተለት።

«ጋሽ ሚዛን» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሥራ ዘመኔ አንድ ሥራ ሠራሁ፤ በሱ ተባረርኩ።»

«እኔ እመሰክርልዎታለሁ ጌታዬ።»

«ለማን?»

እውነትም ለማን። ኃላፊው ካርቶኑን ይዞ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው የሚኖረው፣ ውኃ አለዋ።

የወደቀውን ሰፈር ለማንሣት «የኑሮ ጥራት አስቸኳይ ማገገሚያ ቡድን» ተቋቋመና ሰፈርተኛው ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተሰበሰበ። የቡድኑ መሪ ላቡን ጠርጎ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ በሐዘን ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ አይዟችሁ! አርባ አራት ላይ መውደቃችሁን ስንሰማ ምግብ አልበላ ብሎናል። ብቻችሁን አንተዋችሁም። ቧንቧውን ደረጃ በደረጃ በመዝጋት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ቀድሞ ክብራችሁ ልንመልሳችሁ ዕቅድ ይዘናል። ጥያቄ ያለው?»

የጋሽ ሚዛን እኅት ከመሀል ተነሣች።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ከአርባ አራት ወደ ታችም መውረድ ይቻላል?»

«እግዜር አያምጣው እናቴ! ለምን ጠየቁ?»

«አይ፣ መብራቱም ቢገባልን ብዬ ነው።»